ከገብሱ በላይ

ላሊበላ የሚመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ በዋሻው መተላለፊያ ሲሄድ እግሩ የሚረግጠውን ይጠብቃል፤ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ወደ ቤተ ማርያም ሲያልፍ ጫማ ማውለቅና ማጥለቅ ይዞታል። ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ወደ ታች የተፈለፈሉ ስለሆኑ ቀና የሚያሰኝ ነገር የለም። ከተማዋ ራሷ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተራራ ወገብ የተቀመጠች ናት። ከራስጌዋ አሸተን አለ፤ ከአሸተን በስተጀርባ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚወጣው አቡነ ዮሴፍ። እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው። ድንጋዩን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ፤ አሁን የፈለግሁት አውሬውን ነበር።

ጊዜው መስከረም 2012 ነው፣ ደመራው በነደደ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱም መጣ፤ ላሊበላ ከ2013 ማብቂያ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ከረመች፤ እንግዳ የለመደው መንገድ ሁሉ ጭር አለ። እዚህ የማሰፍረው ከዚያ ሁሉ በፊት ደብተሬ ላይ የቀረውን ነው።

ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ለብዙ አዲስ አበቤ ቀድሞ የሚመጣው አዋሽ ነው። ከከተማው 200 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ስላለ ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለስ ይቻላል። በር አለው፣ ትኬት አለው። ከመኪናህ ሳትወርድ በኢላላ ሳላ ሜዳ ሳላዎቹን ቀጥ ካለ ረጅም ቀንዳቸው ጋር ታያለህ፤ ከርከሮ ጅራቱን አቁሞ መንገድ ያቋርጥሃል። ወደ ወንዙ ስትወርድ የአዋሽ ውሃ ጭቃ ለብሶ በጥቁሩ ዓለት ላይ ሲከሰከስ ታገኘዋለህ፤ ከፏፏቴው በታች አዞ አለ። ቆላ ገላጣ ነው፣ የሚሸሽገው ትንሽ ነው። የፈንታሌ ተራራ እንኳ የትም ብትሆን ከዓይንህ አይጠፋም።

ላስታ እንዲህ አይደለም። በር የለም፣ መኪናም የለም። የአቡነ ዮሴፍ ጥብቅ ሥፍራ ከየት እንደሚጀምር አስጎብኚዬን ስጠይቀው በዱላው ሽቅብ አመለከተና "ገብሱ ሲያልቅ ነው ጋሼ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ካርታዬን አላወጣሁም።

የወጣነው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ስለሆነ ደጋው በሙሉ ቁልቁል ይወርዳል፤ እኛ ብቻ ሽቅብ። የባሕር ዛፍ እንጨት የተጫኑ አህዮች፣ በግ የሚጎትቱ ሰዎች፣ ዶሮ ዘቅዝቀው የያዙ ልጆች፣ የማር ቅል በነጠላ ያዘለች ሴት። የላስታ ነጭ ማር አዲስ አበባ ደርሶ ስንት እንደሚሸጥ ለባለ በቅሏችን ብነግራቸው ኖሮ የሚስቁ አይመስለኝም፤ ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ "እንዴት አደራችሁ" ይላል፤ መልሱ ረጅም ነው፣ ዳገቱ ደግሞ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰላምታው ጥሩ የማረፊያ ሰበብ ሆነልኝ።

አሸተን ማርያም ከገደሉ ግማሽ ተጠርባ የቀረች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በስንጥቅ ዓለት መካከል ተጠጋግተው ነው የሚደርሱባት። ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ጋር ያያይዟታል። አብዛኛው ጎብኚ እዚህ ደርሶ፣ ላሊበላን ከላይ ቁልቁል ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። እኛም ውሃ ጠጣንና አለፍን።

ከአሸተን በላይ ያለው አገር የሚነበበው በአዝመራው ነው። ጤፉ ከታች ቀርቷል። ስንዴና ባቄላ ትንሽ ይከተሉሃል፤ ከዚያ እነሱም ይተዉሃልና ገብስ ብቻ ይቀራል። ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ በዳርቻው አደይ አበባ ፈንድቷል፤ የድንጋይ ቤቶቹ በሣር ክዳናቸው ከማሳው መሃል ብቅ ብቅ ብለዋል። አንዳንዱ ማሳ ከመቆሙ የተነሣ በሬዎቹ እንዴት እንደሚዞሩበት ለማሰብ ቆሜ ቀረሁ። ባለ በቅሎው አባት አስተያየቴን ዐይተው "አንዱ በሬ ከላይ ሆኖ ሌላውን ያያል" አሉኝ። ቀልድ ይሁን እውነት አልለየሁም።

ፏፏቴ የጠበቅሁት አልነበረም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ግን ተራራው የጠጣውን እየተፋ ነበር። አንድ ሸለቆ ተሻግረን ስንታጠፍ ፊት ለፊታችን ያለው ገደል በሙሉ ነጭ ነጭ ክር ወርዶበታል፤ አንዱ ረጅሙ ከአፋፉ ተነሥቶ መሃል ላይ ነፋስ እየወሰደው ዝናብ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ደረጃ በደረጃ እየዘለለ እስከ ታች ይደርሳል። ስሙን ጠየቅሁ።

"ስም የለውም ጋሼ። በጥር ቢመጡ ራሱም የለም።"

እንደ አዋሽ ፏፏቴ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም። ዕድሜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ቢሆን ነው። ውሃው ግን ቅርብ አይቀርም። ይህ ሁሉ ጅረት ተጠራቅሞ ተከዜ ይሆናል፤ ተከዜ በላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድብ ተርባይን አዙሮ፣ ወደ ሱዳን ተሻግሮ አትባራን ይቀላቀልና ከዐባይ ይገባል። ከታች ያሉ አገሮች በጠብታው የሚከራከሩበትን ውሃ እዚህ አንድ በግ ጠባቂ ልጅ በመዳፉ ቀድቶ ፊቱን ሲታጠብበት ዐየሁ።

ማታውን የደረስነው ሰፊ አምባ ላይ ነው። ጭላዳዎቹ ከእኛ ቀድመው ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ማለቴ በትክክሉ ነው፤ ጭላዳ ሥራው መቀመጥ ነው። መቀመጫውን መሬት ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ እንደ ምስር ለቃሚ ሴት እየመረጠ ይጠቀልላል፣ ይጎርሳል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ በቂጡ ትንሽ ወደ ፊት ይሳባል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘር ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ ያደረገ እሱ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም የለም። የወንዱ ጎፈር በማታዋ ፀሐይ ሲበራ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላጣ ከሩቅ ይታያል። አንዱ ሌላውን ሊያስፈራራ ሲፈልግ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ያሳያል፤ ድብድቡ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል።

ወደ ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቤ ተቀመጥሁ። አልሸሹም። ዝም ብለውም አይበሉም፤ እርስ በርስ ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማ ከጠላ ቤት ደጃፍ የተቀመጥህ ይመስልሃል።

ይህ ለእኔ መዝናኛ ነው። ከአምባው በታች ላለው ገበሬ አይደለም። ሣሩ ሲያልቅ ወይም ገብሱ ሲያሽት ጭላዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ልጆች ወንጭፍ ይዘው በየማሳው ራስ ይቆማሉ። አንዲት ዐሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ የወንድሟን ሱሪ በቀሚሷ ሥር ለብሳ፣ ራሷን በፎጣ ጠምጥማ አገኘናት።

"ለብርዱ ነው?" አልኳት።

"አይ። ሴት መሆኔን ካወቁ አይፈሩኝም።"

አስጎብኚዬ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ድንጋዩን በወንጭፉ ስታሽከረክር ጭላዳዎቹ ቀና አሉ፤ ስትለቀው ተነሥተው ወደ ገደሉ ሄዱ። እስከ ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል ብዬ ጠየቅኋት። ሦስተኛ፤ ግን በፈረቃ ነው፤ የፈረቃው አለቃ ደግሞ አስተማሪው ሳይሆን ጭላዳው ነው። ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ የሚጻፉ ብሮሹሮች ላይ ይህች ልጅ የለችም፤ የሚታየው ወንዱ ጭላዳ ከነጎፈሩ ነው።

ሲጨልም መንጋው ተራ በተራ ከአፋፉ እየወረደ በገደሉ እርከኖች ላይ ተደረደረ። ጅብና ነብር የማይደርሱበት ቦታ ነው የሚተኙት። እኛ ያደርነው በማኅበረሰቡ ማረፊያ ነው፤ ክብ የድንጋይ ቤት፣ የገብስ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ጠላ። እሳቱ ደማቅ ነበር። ጭሱን ሳሸተው እንጨቱ አስታ መሆኑን አወቅሁ። አስታ ከገብሱ በላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ነው፤ ልናየው ለመጣነው አውሬ መሸሸጊያው እሱ ነው። አውሬ ልናይ መጥተን የአውሬውን ቤት እየሞቅን ነበር። ይህን ስናገር አስተናጋጁ ልጅ "ባሕር ዛፍ ከታች ማምጣት በበቅሎ ነው፣ በቅሎው ሒሳብ አለው" አለኝ። እውነቱን ነው። ሒሳቡን መክፈል ያለበት ግን እንግዳው ይመስለኛል፤ ሲከፍል ደግሞ ምን እንደከፈለ ሊነገረው ይገባል።

ሌሊቱን ውርጭ ጣለ። ሳይነጋ ተነሥተን ስንወጣ ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር።

ገብሱ አለቀ። ድንበሩ እንደተባለው ነው፤ የመጨረሻው ማሳ የድንጋይ ካብ አለው፣ ከካቡ ማዶ ጓሳ ነው። ጓሳ ሣር ሲሉት ሰው ያቃልለዋል። የቤቱ ክዳን ከእሱ ነው፣ ገመዱ ከእሱ ነው፣ እረኛው ዝናብ ሲመጣ ራሱ ላይ የሚጥለው ገሳ ከእሱ ይሠራል። ከጓሳው መሃል ጅብራዎቹ ቆመዋል። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ኖሮ አንድ ጊዜ ሽቅብ ተመዝዞ ያብባል፤ ዘሩን ይጥልና ይሞታል። የሞቱት ጥቁር ግንዶች በሕይወት ካሉት መካከል ተተክለው ጉም ውስጥ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልሰጥ ተዘጋጅቻለሁ።

ቀይ ቀበሮውን ያዩት ባለ በቅሎው አባት ናቸው። አስጎብኚው በመነጽር ሌላ አቅጣጫ ሲያስስ፣ እሳቸው በአገጫቸው ወደ ግራ ጠቆሙ። ርቀቱ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ከመንደር ውሻ ብዙም አይበልጥም፤ እግሩ ግን ረጅም፣ አፉ ቀጭን፤ ቀይ ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሟል። ጆሮዎቹ ወደ መሬት ዞረዋል። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሁለት እርምጃ፤ ከዚያ አራት እግሩን ሰብስቦ ዘለለና አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ቀበረ። ሲነሣ አፉ ውስጥ አይጥ ነበረ። ዋጠውና ሥራውን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፣ በማለዳም በኅብረት ክልሉን ይዞራል፤ ሲያድን ግን ብቻውን ነው፣ አይጥ ለሁለት አይካፈሉትምና።

በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ሁሉም በኢትዮጵያ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ። የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎ ደጋዎች ተበታትነው አንዱ ካንዱ ሳይገናኝ ይኖራሉ። ደብረ ታቦር አጠገብ በጉና ተራራ የነበሩት ጠፍተዋል፤ ገብሱ እየወጣ ወጥቶ ጨረሳቸው ማለት ይቻላል። መንዝ ላይ ተመራማሪዎች ያዩት ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል እየገባ አይጥ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ይቀናዋል፤ ግልገሎቻቸውን ስለማይነካ ጭላዳዎቹም አያባርሩትም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከእኛ አገር ሁለት ገብተዋል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። አንዱ በድንጋዩ፣ አንዱ በአውሬውና በገደሉ። ላስታ ሁለቱንም ይዞ ሲያበቃ የሚታወቀው በአንዱ ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት በተራራው ላይ ከእኛ ሌላ እንግዳ አልነበረም፤ ከታች ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ግን ለፎቶ ተራ ይጠበቅ ነበር።

የሚቀጥለውን ሰዓት ያሳለፍነው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ነው። በርኖስ ለብሰው፣ በጎቻቸውን ከጓሳው ዳር አሠማርተው፣ ሁለት ውሾች ይዘው መጡ። ቀበሮውን እንዳየን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም።

"ግልገል አይበላም ይሉናል" አሉ።

"አይጥ ነው የሚበላ አባባ" አለ አስጎብኚው። "በትምህርቱም ላይ ነግረንዎታል።"

"ትምህርቱን ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁት አለ። አምና በጥቅምት ከዚህ፣ ከዚያ ጅብራ ሥር ነው የወሰደብኝ።"

"ተራው ቀበሮ ይሆናል።"

"ልጄ፣ ቀዩን ከተራው ቀበሮ ሳልለይ ነው እዚህ ያረጀሁ?"

እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ቀይ ቀበሮ ኑሮው በአይጥ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ግልገል ይወስዳል፣ በወሎ በኩል ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ለእረኛ "ያየኸውን አላየህም" ማለት ከቀበሮው ይልቅ አስተማሪውን ያስጠላል። "ይወስዳል፣ ግን አንዱን ግልገል ከሚወስድብህ መቶ አይጥ ከገብስህ ያነሣልሃል" ብሎ መነጋገር ይሻላል። አስጎብኚውም ቆይቶ ወደዚያው መጣ። ሽማግሌው አሰቡበትና "ይህስ ሒሳብ ነው" አሉ።

ጓሳውን ስለሚጠብቀው ሰው ጠየቅኋቸው። ይህ ሣር በየጊዜው አይታጨድም፤ ተዘግቶ ይከርማል፣ ሲከፈት ሁሉም ለክዳኑና ለገመዱ ያጭዳል፤ ቀድሞ የገባ ይቀጣል። በመንዝ ጓሳ እንዲህ ያለው ደንብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ኖሮ በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ፈረሰ፤ ሰዉ ኋላ ላይ ራሱ ነው መልሶ ያቆመው። እዚህ ላይ ቀበሮውን ያቆየው ለቀበሮ የተደረገ ርኅራኄ አይደለም። ጓሳው ከጠፋ ቤት ማፍሰስ ስለሚጀምር ነው። ጓሳው የሚታረስ ከሆነ አይጡ ያልቃል፣ አይጡ ካለቀ ቀበሮው ያልቃል፤ ሽማግሌው የሚፈሩት ግን ሁለቱንም አይደለም።

"ታዲያ ልጆችዎ መሬት ሲፈልጉስ?" አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ በጎቹን ዐዩ። "ሦስት ወንዶች አሉኝ" አሉ። "ካቡን እያየህ ነው? እኔ ልጅ ሳለሁ ካቡ ከዚያ ታች፣ ከምንጩ አጠገብ ነበር።" ከምንጩ እስከ ካቡ በእግር ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። እንግዲህ ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ የወጣው ገብስ ነው። በላስታ የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ያየ ሰው ዳገት አረሰ ብሎ የሚወቅስ ካለ እኔ ከእሱ ጋር አልቆምም።

የተራራው ጫፍ ላይ ደርሰናል። ጉም ስለነበር ምንም አላየንም፤ የምጽፈውም የለኝ።

ስንመለስ ሽማግሌው መንገድ ላይ ጠበቁን። የፈለጉት ነገር ነበራቸው። ውሾቹን ጠቁመው "ቀበሮውን የሚገድለው የእነዚህ በሽታ ነው ብላችሁኛል" አሉ አስጎብኚውን። ብሎ ነበር፤ ትክክልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች በወራት ውስጥ አብዛኞቹን ጨርሷል፤ ባሌ ብዙ ስለነበሩ ተረፉ። እንደ ላስታ ጥቂት መንጋ ብቻ ባለበት ቦታ አንድ የታመመ ውሻ ይበቃል። ውሻ እንዳይኖር ማድረግ ደግሞ አይቻልም፤ ሌሊት ጅብ ይመጣል።

"እንግዲያው መርፌው ይምጣ" አሉ። "የእኔ ሁለት፣ የጎረቤቴ ሦስት። ለቀበሮ ብዬ አይደለም፤ ልጆቹንም ይነክሳል። አንተ ከአዲስ አበባ የመጣህ ሰው፣ ወርደህ ንገርልን።"

ወርጄ ነገርሁ። የሚመለከተው ቢሮ ውስጥ ያገኘሁት ወጣት ትሑት ነበር፤ አስቀመጠኝ፣ ጻፈ። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ በበረዶ ሳጥን ተይዞ በእግር መውጣት አለበት፣ ለአምስት ውሻ ሰው መላክ አይቻልም፤ የጎጡ ውሾች በሙሉ ተቆጥረው በቀበሌው ደብዳቤ ከመጡ ግን በኅዳሩ ዘመቻ ይካተታሉ አለኝ። ለአስጎብኚዬ ደወልሁለት። ቆጠራውን እሱ እንደሚሠራ ቃል ገባ፤ ደብዳቤው ላይ የሚፈርሙት ሊቀመንበር ግን ኅዳርን ቢሮ አይገኙም፣ ገብስ አጨዳ ላይ ናቸው አለኝ። ማኅተሙን ይዞ ማሳው ድረስ ሊሄድ ተስማማን።